ስለ ድኅነት፤ የነጹት ዐሥር፥ የዳነው አንድ

ከሁሉ አስቀድመን ፊደሉን እንጠብቅ። በብዙኃኑ ኀ የሚጻፈው «ድኅነት» መዳን ነው፤ በኸ የሚጻፈው «ድኽነት» ግን ማጣት ነው። ጸሓፊ ቸኵሎ ሁለቱን ቢያቀላቅል አንባቢው ጸጋውን ችግር አድርጎ ያነባልና፥ ስሕተቱን እንደ ቀላል አንቈጥረውም።

ሐዲስ ኪዳን በተጻፈበት በጽርእ ቋንቋ ድኅነት «ሶቴሪያ»፥ ማዳንም «ሶዞ» ይባላል። ይህ ቃል የመምህራን ብቻ አልነበረም፤ መርከበኛ ከማዕበል ሲተርፍ፥ ሕመምተኛም ከደዌው ሲነሣ ይነገር ነበር። ቅዱስ ጴጥሮስ መስጠም በጀመረ ጊዜ የጮኸው በዚሁ ቃል ነው (ማቴ. 14፥30)። የእኛም ቋንቋ በዚህ ይስማማል፤ «መድኃኒት» በግእዝ ድኅነት ሲሆን፥ በአማርኛ ሕመምተኛ የሚወስደው ነው።

እንዲህም ሲሆን ፈውስና ድኅነት ፈጽመው አንድ አይደሉም። ወንጌላዊው ሉቃስ ባለ መድኃኒት ነበርና (ቈላ. 4፥14) በምዕራፍ 17 ቃላቱን ለይቶ ይጽፋል። ዐሥሩ ለምጻሞች ወደ ካህናት ሲሄዱ ነጹ፤ ቃሉ «ካታሪዞ» ነው። ከእነርሱ አንዱ ሳምራዊ መፈወሱን አየ፤ ቃሉ «ኢያኦማይ» ነው። ተመልሶ በጌታችን እግር ሥር ወድቆ ካመሰገነ በኋላ ግን «ሶዞ» ተባለለት። ዐሥሩም የነጻ ገላ አግኝተዋል፤ ይህ ቃል የደረሰው ግን ለአንዱ ነው። ደም ይፈስሳት ለነበረችው ሴትም ጌታችን ይህንኑ ቃል የነገራት፥ ቀርባ እውነቱን ሁሉ ከተናገረች በኋላ ነው (ማር. 5፥33-34)።

ሐዋርያው ጳውሎስ ደግሞ ቃሉን በሦስት ጊዜ ያገባዋል፤ ድነናል (ሮሜ 8፥24)፥ በመዳን ላይ ነን (1ኛ ቆሮ. 1፥18)፥ እንድናለን (ሮሜ 5፥9)። ስለዚህ «ድነሃልን?» ተብሎ የተጠየቀ ምእመን ባንድ ቃል መመለስ ቢቸግረው አይፈር፤ ሐዋርያውም ባንድ ጊዜ አልጨረሰውም።

በጸበል የተፈወሱ ብዙዎችን እናውቃለን። በማግሥቱ ጓዛቸውን ሸክፈው ወደ አገራቸው ይመለሳሉ፤ እኛም ደስ ይለናል፥ ፈውሱ የእግዚአብሔር ነውና። ካህኑ ሲያሰናብታቸው «የንስሓ አባትህ ማን ነው? መቼስ ትቈርባለህ?» ብሎ ቢጠይቅ ግን ሸክም መጨመሩ አይደለም። ሳምራዊው ያመሰገነበት የጽርእ ቃል «ኤውካሪስቴኦ» ነው፤ ሥጋ ወደሙ በጽርእ «ኤውካሪስቲያ» የተባለው ከዚሁ ነው። በእኛም ዘንድ ቅዳሴው አኰቴተ ቍርባን ይባላል፤ አኰቴት ማለት ምስጋና ነውና።