ቱርቦ ላለው የናፍጣ ሞተር የሚስማማውን ዘይት ስለ መምረጥ

ለየዞኑና ለየወረዳው የእርሻ ሥራ ኀላፊዎች የተዘጋጀ ትምህርት

ዛሬም የአገራችን እርሻ አብዛኛው የሚታረሰው በበሬ ቢሆንም፤ በአርሲና በባሌ ደጋ፣ በሑመራና በአዋሽ ቆላ ትራክተርና ኮምባይነር ከዋነኞቹ የእርሻ መሣሪያዎች ተቈጥረዋል። በሬ በደኅና ሊቀለብና ሊጠበቅ እንደሚገባው ሁሉ፤ ሞተርም ጠባዩ ታውቆ የሚስማማው ሊሰጠው ይገባል። ስንዴው ደርሶ በማሳው ላይ ቆሞ ሳለ ኮምባይነሩ የተበላሸ እንደ ሆነ፤ ጉዳቱ በመኪናው ባለቤት ላይ ብቻ አይቀርም። ተራውን የሚጠብቀውን ገበሬ ያለ ወቅቱ ዝናም ይደርስበትና፤ የዓመት ድካሙ የሆነው ፍሬ ገና በዛላው ላይ ሳለ ይበቅልበታል።

ለእንዲህ ያለው ብልሽት ምክንያቱ ብዙ ነው። ከምክንያቶቹ አንዱና በቀላሉ ሊከለከል የሚቻለው ግን ለሞተሩ የማይስማማ ዘይት መጨመር ነው። የዚህም ትምህርት አሳብ ባጭሩ ይህ ነው፤ ዘይት የሚመረጠው በዋጋው ማነስ ወይም በውፍረቱ ወይም በመልኩ አይደለም፤ በሞተሩ መጽሐፍ ትእዛዝ፣ በሚቃጠለው ናፍጣ ጠባይና በአገሩ አየር ነው።

1ኛ፤ ቱርቦ ምን እንደ ሆነና ስለ ምን ዘይት እንደሚያስፈልገው

በዛሬው የትራክተር ሞተር ናፍጣው አስቀድሞ ከአየር ጋር ሳይቀላቀል፤ በብርቱ ግፊት ተገፍቶ በቀጥታ ወደ ሲሊንደሩ ውስጥ ይረጫል። ናፍጣው በመልካም እንዲቃጠል ብዙ አየር ያስፈልገዋል። ይህን አየር ሰብስቦና አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው መሣሪያ ቱርቦ ይባላል። አልፍሬድ ቡቺ የተባለው የስዊስ መሐንዲስ ይህን አሳብ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1905 ዓ.ም. በፓተንት አስመዝግቦታል። አሠራሩም እንዲህ ነው፤ ከሞተሩ የሚወጣው ትኩስ ጢስ በከንቱ ከመበተኑ በፊት አንዱን መዘውር ያዞራል፤ ከዚያ ጋር በአንድ ዘንግ የተያያዘው ሁለተኛው መዘውር ደግሞ አየሩን እየሳበ ወደ ሲሊንደሩ ይገፋል።

ይህ መሣሪያ ለደጋው አገራችን ያለው ጥቅም ከፍ ያለ ነው። ከባሕር ወለል በላይ በ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ዳር ካለው ሦስት ሩብ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ቱርቦ የሌለው ሞተር በደጋ ኀይሉ ይደክማል፤ ጢሱም ይጠቍራል። ቱርቦ ያለው ግን የሳሳውን አየር ሰብስቦ ጕድለቱን ይሞላል። ነገር ግን ይህን ለማድረግ ከቆላው ይልቅ በደጋው አብዝቶ መሽከርከር ግድ ይሆንበታል።

የሞተሩ ዋና ዘንግ በደቂቃ 2,000 ጊዜ ያህል ሲዞር፤ የቱርቦው ዘንግ ከ100,000 ጊዜ በላይ ሊዞር ይችላል። የሚያዞረውም ጢስ ትኵሳቱ ከ600 ዲግሪ በላይ ይደርሳል። እንዲህ ባለ ፍጥነትና ትኵሳት መካከል ዘንጉን ከኩሽኔታው ለይቶ የሚያቆመው እጅግ የቀጠነ የዘይት ሽፋን ብቻ ነው። ሽፋኑ የተቋረጠ እንደ ሆነ ብረት ከብረት ጋር ይፋተጋል፤ ቱርቦውም በጥቂት ጊዜ ውስጥ ይጠፋል።

2ኛ፤ የዘይት ሥራ

ብዙ ሰዎች ዘይት ብረቱን ለማለስለስ ብቻ የሚደረግ ይመስላቸዋል። ነገር ግን ሥራው አራት ነው። ብረቱ እንዳይፋተግ ይለያል፤ ውሃ ሊደርስበት ከማይችለው ስፍራ ትኵሳቱን ይወስዳል፤ ጥቀርሻውን አጥቦ በራሱ ውስጥ በትኖ ይይዛል፤ ከናፍጣው የሚመጣውንም አሲድ ያረክሳል።

ናፍጣ በቀጥታ በሚረጭበት ሞተር ጥቀርሻ ወደ ዘይቱ መግባቱ አይቀርም። ስለዚህ ዘይቱ ከተቀየረ በኋላ ቶሎ ቢጠቍር፤ ጥቀርሻውን መያዙን ያመለክታል እንጂ መበላሸቱን አያመለክትም። ይልቁንም የሚያስፈራው የዘይቱ መጠን በመለኪያው ዘንግ ላይ እየጨመረ የተገኘ እንደ ሆነ ነው። አንዳንድ ነጂዎች ይህን ሲያዩ ሞተሩ ዘይት አልበላም ብለው ደስ ይላቸዋል። ዘይት ግን በራሱ አይበዛም። የናፍጣ መርጫው ሲያፈስ ናፍጣው ወደ ታች ወርዶ ዘይቱን ያቀጥነዋል። ወይም ውሃ ገብቶበታል፤ ውሃ የገባበት ዘይት እንደ ወተት ይነጣል። እንዲህ የሆነ ሞተር ሳይመረመር ሊሠራበት አይገባም።

3ኛ፤ በዕቃው ላይ ስለሚጻፉት ሁለት ምልክቶች

ዘይት በተሸጠበት ጀሪካን ወይም በርሜል ላይ በላቲን ፊደል ሁለት ዋና ምልክቶች ይጻፋሉ። አንደኛው የውፍረቱን ልክ፤ ሁለተኛው የሥራውን ደረጃ ይነግራል። ሁለቱን ሳያነቡ መግዛት የመድኃኒቱን ስም ሳያዩ እንደ መዋጥ ነው።

የውፍረቱ ምልክት ኤስ ኤ ኢ ከሚለው ቃል በኋላ ይገኛል፤ ለምሳሌ 15 ደብሊው 40 ተብሎ ይጻፋል። ደብሊው ያለበት ፊተኛው ቍጥር ዘይቱ በብርድ ጊዜ እንዴት እንደሚፈስ ይነግራል፤ ቍጥሩ ባነሰ መጠን በብርድ ቶሎ ይፈሳል። ኋለኛው ቍጥር በ100 ዲግሪ ትኵሳት የሚኖረውን ውፍረት ያመለክታል። 15 ደብሊው የሆነ ዘይት ሞተር ለማስነሣት የሚፈተነው ከዜሮ በታች በ20 ዲግሪ ብርድ ስለ ሆነ፤ ለደጋችን ውርጭ ይበቃል። 40 የሚለውም ለቆላው ሙቀት የሚስማማ ነው። ስለዚህ ለብዙው የእርሻ ሞተር 15 ደብሊው 40 ተስማሚ ሆኖ ይገኛል። ሆኖም የሞተሩ መጽሐፍ 10 ደብሊው 30 ወይም ሌላ ያዘዘ እንደ ሆነ የመጽሐፉ ትእዛዝ ይፈጸማል።

በየጋራዡ «ወፍራም ዘይት ሞተር ይጠብቃል» የሚል አሳብ ይሰማል። ይህ ቱርቦ ላለው ሞተር ጎጂ ምክር ነው። ማለዳ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ወፍራሙ ዘይት ወደ ቱርቦው ለመድረስ ይዘገያል፤ በዚያም ጥቂት ጊዜ ውስጥ ዘንጉ በደረቁ ይዞራል።

የሥራው ደረጃ ኤ ፒ አይ ከሚለው ቃል በኋላ ይጻፋል። በሲ የሚጀምረው ለናፍጣ ሞተር፤ በኤስ የሚጀምረው ለቤንዚን ሞተር የተወሰነ ነው። ከናፍጣው ወገን ሲ ዲ የሚባለው ደረጃ በ1955 የወጣ ነውና ለዛሬው ሞተር ጊዜው አልፎበታል። ሲ አይ 4 በ2002፤ ሲ ኬ 4 በ2016 ወጥተዋል፤ እነዚህም ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው። ከሲ ኬ 4 ጋር አብሮ የወጣው ኤፍ ኤ 4 ግን ቀጭን ዘይት ስለ ሆነ፤ ሲ አይ 4 በታዘዘበት ሞተር በምትኩ ሊገባ አይገባም።

4ኛ፤ በናፍጣው ውስጥ ስላለው ድኝ

አዲሱ ደረጃ ሁልጊዜ ለሁሉ የሚበልጥ እንዳይመስል ልብ ይሏል። በናፍጣ ውስጥ ድኝ አለ፤ ድኙም ሲቃጠል ከእርጥበት ጋር ተዋሕዶ የድኝ አሲድ ይሆናል። አሲዱ የሲሊንደሩንና የኩሽኔታውን ብረት ይበላል። ይህን የሚያረክሰው የዘይቱ ኀይል በላቲን ፊደል ቲ ቢ ኤን ተብሎ በአቅራቢው መግለጫ ላይ በቍጥር ይጻፋል።

ሲ አይ 4 የተዘጋጀው ድኙ በክብደት እስከ 0.5 በመቶ ለሚደርስ ናፍጣ ነው። ሲ ኬ 4 ግን እስከ 0.05 በመቶ ለሚደርስ ነው፤ አመዱም በልክ የተወሰነ ነው፤ ምክንያቱም በጢስ መውጫው ላይ የጥቀርሻ ማጣሪያ ላለባቸው ሞተሮች ስለ ታሰበ ነው። ብዙ አመድ ያለው ዘይት ያን ማጣሪያ ይደፍናል። ስለዚህ ደንቡ እንዲህ ነው፤ የጥቀርሻ ማጣሪያ ያለው ሞተር በመጽሐፉ የታዘዘለትን አመዱ የተወሰነ ዘይትና ድኙ ያነሰ ናፍጣ ይፈልጋል። ማጣሪያ የሌለውና ድኙ በበዛ ናፍጣ የሚሠራው ግን መጽሐፉ የሚፈቅደውን ሲ አይ 4፤ ቲ ቢ ኤኑ ከፍ ያለውን ይምረጥ፤ የመቀየሪያውም ጊዜ ይጠር። የናፍጣውን የድኝ መጠን ከአቅራቢው በጽሑፍ መጠየቅ የግዢ ኀላፊው ተግባር ነው።

5ኛ፤ በቤንዚን ስለሚሠሩ የመሥሪያ ቤት መኪናዎች

ለመስክ ጕብኝት ከሚያገለግሉት አዳዲስ መኪናዎች አንዳንዶቹ ቱርቦ ያላቸውና ቤንዚን በቀጥታ የሚረጭባቸው ናቸው። በእነዚህ ውስጥ ሞተሩ በዝግታ እየዞረ ብዙ ጭነት ሲሸከም፤ እሳቱ ከብልጭታው በፊት ያለ ጊዜው ሊነሣ ይችላል፤ ይህም ፒስተን እስከ መስበር ይደርሳል። በዘይቱ ውስጥ ያለው የካልሲየም ማጠቢያ ሲበዛ ይህን አደጋ እንደሚያባብስ በምርመራ ታውቋል። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2020 የወጣው ኤስ ፒ የተባለው ደረጃ በዚህ ረገድ ተፈትኖ የሚያልፍ ነው። ስለዚህ ለትራክተር የተገዛውን በርሜል ለእነዚህ መኪናዎች ማካፈል ቍጠባ አይደለም።

6ኛ፤ ስለ አያያዝ

መልካም ዘይት ክፉ አያያዝ ካገኘው ይበላሻል። በርሜል በሜዳ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ እንደ ሆነ ዝናሙ በክዳኑ ላይ ይጠራቀማል፤ በርሜሉም ቀን ሞቆ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ውሃውን በክዳኑ ጥርስ በኩል ወደ ውስጥ ይስባል። ስለዚህ በርሜል ከጣራ በታች ይቀመጥ፤ ጣራ ከሌለ ግን ሁለቱ ክዳኖች በግራና በቀኝ እኩል ሆነው ከዘይቱ ከፍታ በታች እንዲውሉ በጐኑ ይጋደም።

ነጂውም ማለዳ ሞተሩን እንዳስነሣ ወዲያው ወደ ብርቱ ሥራ አይግባ። ማታም ከከባድ ሥራ በኋላ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ያለ ጭነት በዝግታ አሠርቶ ያጥፋው። ሞተሩ በድንገት የጠፋ እንደ ሆነ የዘይቱ ፍሰት ይቆማል፤ በጋለው ቱርቦ ውስጥ የቀረውም ዘይት ተቃጥሎ ከሰል ይሆንና መንገዱን ይደፍናል። ይህን ጕዳት ውድ ዘይት እንኳ ፈጽሞ አይከለክለውም። ዘይቱ በሥራ ሰዓት ቈጣሪው መሠረት በመጽሐፉ የተወሰነው ሰዓት ሲሞላ ይቀየር፤ ፊልትሮውም ከእርሱ ጋር ይለወጥ።

ከዚህ በላይ የተጻፈው ሁሉ በኀላፊው እጅ ወደ ሥራ እንዲደርስ አራት ነገር ይበቃል። ለእያንዳንዱ ሞተር በመጽሐፉ የታዘዘው ውፍረትና ደረጃ በወረቀት ተጽፎ በመኪናው ውስጥ ይለጠፍ። በጨረታ ማስታወቂያ ላይ «የሞተር ዘይት» ተብሎ ብቻ አይጻፍ፤ ሁለቱ ምልክቶች ተለይተው ይገለጹ። ዕቃው ሲረከብ ማኅተሙ ያልተነካ መሆኑ ይታይ፤ የምርት ቍጥሩም ይመዝገብ። ዘይት የተቀየረበት ሰዓትና የተጨመረው መጠን በመዝገብ ይያዝ።

አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። የዘይት ምርጫም እንዲሁ ነው፤ አዝመራው ከመድረሱ በፊት በጽሕፈት ቤት የሚፈጸም ትንሽ ጥንቃቄ፤ በመከር ቀን ማሳው ላይ ቆሞ የሚጠብቀውን ገበሬ ከትልቅ ኪሳራ ያድነዋል።