መርከብ ለምን አትሰምጥም? ለልጆች እንዴት እናስረዳ

ባለፈው ቅዳሜ ከአማርኛ ትምህርት በኋላ ልጆቹን ይዘን ግሪንዊች ሄደን ነበር። አንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ከካቲ ሳርክ ወርቃማ ሆድ ሥር ቆሞ፣ «ቲቸር፣ ብረት ይሰምጣል አይደል? ታዲያ መርከብ ለምን አትሰምጥም?» አለኝ። «ቀላል ስለሆነች» ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ደግነቱ ተውኩት። ታናናሾቻችሁን ወይም የቅዳሜ ተማሪዎችን የምታስተምሩ ካላችሁ፣ በኋላ የሞከርኩትን ላካፍላችሁ።

ከጣና ጀምሩ። የጣና ታንኳ የሚሠራው ከደንገል ነው። የደንገል አገዳ ውስጡ አየር የያዘ ስለሆነ በራሱ ይንሳፈፋል፤ በመካከሉ ውሃ ቢገባም ታንኳው ወዲያው አይሰምጥም። ችግሩ ውሃ ይጠጣል፤ ስለዚህ ባለቤቱ እያወጣ ፀሐይ ላይ ያደርቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1969 ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል አትላንቲክን ለማቋረጥ የሞከረባት «ራ» የተባለችው ጀልባም ከጣና በተወሰደ ደንገል ነው የተሠራችው። እንግዲህ ለታንኳ «ቀላል ስለሆነ» የሚለው መልስ ይሠራል። ለብረት መርከብ ግን አይሠራም።

አሁን በሳፋ ውሃ ሙሉና ሁለት እኩል የአሉሚኒየም ፎይል ቁረጡ። አንዱን ጨምድዳችሁ ኳስ አድርጉት። በደንብ አጥብቁት፤ እኔ ላላ ስላደረግኩት አየር ቀርቶበት ተንሳፈፈና ተሳቀብኝ። በመዶሻ ጠፍጥፌው ሰመጠ። ሌላውን እንደ ጎድጓዳ ሳህን ቅረጹት፤ ይንሳፈፋል፣ ሳንቲምም ይሸከማል። ክብደታቸው እኩል ነው፤ የተለየው ቅርጹ ነው። መርከብ ውሃ ውስጥ የምትገባው፣ ከቦታው ያስለቀቀችው ውሃ ክብደት ከራሷ ክብደት ጋር እስኪተካከል ድረስ ነው። ጎድጓዳው ብዙ ውሃ ማስለቀቅ ይችላል፤ ኳሱ ግን ጥቂት ብቻ።

ከዚያ ሳንቲም አንድ በአንድ ጨምሩ፤ ልጆቹ ይቁጠሩ። ጠርዙን ውሃ ሲያልፈው በአንድ ጊዜ ይሰምጣል። እዚህ ላይ ሳቁ ሲበርድ የፕሊምሶልን ታሪክ ንገሯቸው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አንዳንድ ባለመርከቦች ከአቅም በላይ ይጭኑ ነበር። መርከቧ ብትሰምጥ ኢንሹራንስ ይከፍላቸዋል፤ የሚሞተው መርከበኛው ነው። የፓርላማ አባሉ ሳሙኤል ፕሊምሶል ብዙ ታግሎ፣ በ1876 በመርከብ ጎን የጭነት ልክ እንዲሰመር ሕግ ወጣ። የሚገርመው፣ መስመሩ የት እንደሚሆን የሚወስነው ራሱ ባለቤቱ ነበር! ቦታው በሕግ የተወሰነው በ1890 ነው። የፕሊምሶል ሐውልት ቪክቶሪያ ኢምባንክመንት ላይ ስላለ ልጆቹን ወስዳችሁ ማሳየት ትችላላችሁ።

ስለ ዕድገቷ ግሪንዊች ራሱ ያስተምራል። ካቲ ሳርክ አጥንቷ ብረት፣ ሳንቃዋ እንጨት ነው። ከቻይና ሻይ እንድታመጣ በ1869 ተሠራች። በዚያው ዓመት የስዊዝ ቦይ ተከፈተና የእንፋሎት መርከቦች በአቋራጭ ማለፍ ጀመሩ። የቀይ ባሕር ነፋስ ለሸራ መርከብ ስለማይመች እሷ አፍሪካን መዞር ነበረባት፤ በኋላ ከአውስትራሊያ የበግ ፀጉር ወደ ማመላለስ ዞረች። አጠገቧ ባለው የእግረኛ ዋሻ ወደ ማዶ ከተሻገራችሁ፣ ሚልዎል ላይ ግሬት ኢስተርን ወደ ቴምዝ የወረደችበት የእንጨት ርብራብ ቅሪት አለ። በ1858 የወረደችው ይህች የብሩኔል መርከብ 211 ሜትር ትረዝም ነበር። ሸራም፣ በጎን መንኮራኩሮችም፣ ከኋላ ፕሮፔለርም ነበራት። ማዕበል ሲያንገላታት አንዱ መንኮራኩር ከውሃ ሊወጣ ይችላል፤ ፕሮፔለሩ ግን ጠልቆ ስለሚገኝ ይሠራል። ዛሬ በኮንቴይነር መርከቦች ላይ የቀረው ፕሮፔለሩ ነው።

ያ ልጅ ጀልባው በ23ኛው ሳንቲም ሰመጠበት። ሌላ ሠርቶ በእስክሪብቶ መስመር አሰመረበትና፣ «ከሃያ በላይ ማንም እንዳይጭን» አለ። ለሚቀጥለው ቅዳሜ አንድ ኪሎ ጨው ገዝቻለሁ፤ ጨዋማ ውሃ ስለሚከብድ ያው ጀልባ ከፍ ብላ ትንሳፈፋለች። መስመሩን ያነሳው እንደሆነ እናያለን።