የመሬትን ኮምጣጣነት ስለ መለካት

ልጆች ሆይ፤ ሎሚ ኮምጣጣ እንደ ሆነ ምላሳችሁ ይነግራችኋል። በጉድጓድ ውስጥ የሰነበተ ቆጮም እንደዚሁ ይኮመጥጣል። ነገር ግን ምላስ መለኪያ ሊሆን አይችልም፤ የማያውቁትንም ነገር መቅመስ አደገኛ ነው። ደግሞም መሬት ራሱ ይኮመጥጣል።

ከአርባ ምንጭ በላይ፥ በጨንቻ ደጋ፥ ብዙ ዝናም ይዘንማል። ዝናሙ ለአዝመራ የሚጠቅመውን ካልሲየም የሚባለውን ነገር ከአፈሩ እያጠበ ይወስደዋል፤ ከብዙ ዘመንም በኋላ አፈሩ ኮምጣጣ ይሆናል። ያን ጊዜ በአፈሩ ውስጥ ያለው አሉሚኒየም ይሟሟና የገብሱን ሥር ይጎዳዋል። ገበሬው በጊዜው ቆፍሮ መልካም ዘር ቢዘራም ገብሱ ይቀጭጫል፤ ቤተ ሰቡም ይቸገራል። ታዲያ ጥፋቱ የዘሩ ነውን? ወይስ የገበሬው ስንፍና ነውን? ሳይለኩ መፍረድ አይገባም።

ኮምጣጣነት የሚለካበት ቍጥር ፒ ኤች ይባላል። ይህን መስፈሪያ በ1909 በአውሮፓ አቆጣጠር ያወጣው በዴንማርክ አገር፥ በኮፐንሀገን ከተማ የነበረ ሶረን ሶረንሰን የሚባል ሊቅ ነው። ቍጥሩ አብዛኛውን ጊዜ ከ0 እስከ 14 ይደርሳል። ንጹሕ ውኃ 7 ነው። ከ7 በታች ያለው ኮምጣጣ ነው፤ ከ7 በላይ ያለው ግን እንደ አመድ ውኃ የኮምጣጣ ተቃራኒ ነው። የጫሞ ሐይቅ ውኃ ከ8 ይበልጣል፤ ውኃው በፀሐይ ሲተን ጨውና ሶዳው በሐይቁ ይቀራልና።

አሁን ስሌቱን ተመልከቱ። ኮምጣጣነትን የሚያመጣው በውኃ ውስጥ ተለይቶ የሚገኝ ሃይድሮጅን ነው። ከዚህ 1 ግራም በ100,000 ሊትር ውኃ ውስጥ ቢኖር ዜሮዎቹን ቍጠሩ፤ 5 ናቸው፤ ስለዚህ ፒ ኤቹ 5 ይሆናል። ያው 1 ግራም በ10,000,000 ሊትር ውስጥ ቢሆን ዜሮዎቹ 7 ናቸው፤ ፒ ኤቹም 7 ነው። እንግዲህ ቍጥሩ ሲያንስ ኮምጣጣነቱ ይበዛል፤ በየአንዱም ቍጥር 10 እጥፍ ይሆናል። ከ7 እስከ 5 ሁለት ደረጃ ነውና፥ 10 ጊዜ 10 ብለን 100 እጥፍ እናገኛለን።

ገበሬው አፈሩን በንጹሕ ውኃ አስበጥብጦ ቢያስለካና 5 ቢያገኝ፥ መድኃኒቱ የታወቀ ነው። የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ከአፈሩ ጋር ሲቀላቀል ኮምጣጣነቱን ይቀንሳል። ኖራውም በልክ ይሁን፤ ከመጠን ቢያልፍ አዝመራው ዳግመኛ ይጎዳል።

ልጆች ሆይ፤ በዓይን የማይታይ ጥቂት ነገር የዓመት ድካም ያጠፋል። ስለዚህ ማሳው ያላፈራለትን ሰው ሰነፍ ከማለታችሁ በፊት ምክንያቱን መርምሩ። አስቀድሞ መለካት፥ በኋላ መፍረድ፥ የዐዋቂ ሰው ሥራ ነው።

ጥያቄ፤ ፒ ኤቹ 4 የሆነ ውኃ ፒ ኤቹ 7 ከሆነው ስንት እጥፍ ይኮመጥጣል?