የመጠጥ ውሃን በክሎሪን ስለ ማከም



ባለፈው ክረምት ቤት ለቤት ስዞር አንዲት አሮጊት እናት፥ «ልጄ፥ ውሃችን እኮ አሳድረን ከላይ ከላዩ ስንቀዳው እንደ መስተዋት የጠራ ነው። ታዲያ መድኃኒት ምን ያደርግለታል?» ሲሉ ጠየቁኝ። የታቀፉት የልጅ ልጃቸው ግን በተቅማጥ ተዳክሞ ዓይኑ ሰርጉዶ ነበር። ይህ ትምህርት ለእርሳቸውና እንደ እርሳቸው ለሚጠይቁ ሁሉ ነው።

ውሃን ማሳደር ጭቃውን ያዘቅጠዋል እንጂ ጀርሙን አይገድለውም። ጀርም በዓይን አይታይም። ሜዳ ላይ የተጣለውን ዓይነ ምድር የክረምት ጎርፍ ጠርጎ ወደ ጉድጓድና ወደ ምንጭ ያስገባዋል። ስለዚህ የጠራ ውሃ ሁሉ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም።

ክሎሪን ተቅማጥ ከሚያመጡት ጀርሞች ብዙዎቹን ይገድላል። በአሜሪካ የጀርሲ ሲቲ ከተማ ውሃ ከ1908 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዘወትር በክሎሪን ይታከም ነበር፤ ዛሬም የብዙ ከተሞች የቧንቧ ውሃ የሚታከመው በዚሁ ነው። ልብስ የምናነጣበት በረኪናም ኃይሉ ከክሎሪን ነው። አሠራሩም እንደሚከተለው ነው።

1ኛ/ ሽቶና ቀለም የሌለበት፥ 5 በመቶ የሚል የተጻፈበት፥ በቅርብ ጊዜ የተሠራ በረኪና ፈልጉ። በረኪና ሲቆይ ይደክማል። ለውሃ ማከሚያ ተብሎ የተዘጋጀ መድኃኒት ካገኛችሁ ግን ልኩ ስለሚለይ በላዩ የተጻፈውን ተከተሉ።

2ኛ/ የደፈረሰውን ውሃ አስቀምጡና ሲጠልል በታጠበ፥ በታጠፈ ነጠላ አጥልሉት። ቆሻሻ ክሎሪኑን ይበላዋልና።

3ኛ/ ለ1 ሊትር 2 ጠብታ፥ ለ20 ሊትር ጄሪካን 40 ጠብታ ጨምሩ። 40 ጠብታ መርፌ በሌለው ስሪንጅ ሲለካ 2 ሚሊ ሊትር ያህል ነው። ውሃው ተጠልሎም ከደፈረሰ እጥፍ ይሁን።

4ኛ/ ክዳኑን ዘግታችሁ በደንብ ነቅንቁት፤ በጥላ ሥር 30 ደቂቃ ይቆይ። ፀሐይ ክሎሪንን ያጠፋዋል።

5ኛ/ ከፍታችሁ አሽትቱ። ጥቂት የክሎሪን ሽታ ካለ ሠርቷል ማለት ነው። ከሌለ ያንኑ ያህል ጨምራችሁ 15 ደቂቃ ጠብቁ። አሁንም ካልሸተተ አትጠጡት።

6ኛ/ የታከመውን ውሃ በእንስራ አታቆዩ፤ ሸክላ ክሎሪኑን ያደክመዋል። እጅና ጣሳ ሳትነክሩ ከጄሪካኑ እያንቆረቆራችሁ ቅዱ፤ በ24 ሰዓት ውስጥም ጨርሱት።

ሽታው ልጆችን ካስቸገረ ከአንዱ ንጹሕ ዕቃ ወደ ሌላው እያገላበጣችሁ አናፍሱት።

ማስጠንቀቂያ፦ በረኪና መርዝ ነው። በለስላሳ ጠርሙስ አታስቀምጡት፤ ልጅ መጠጥ መስሎት ይጠጣዋል። ከአሲድም ሆነ ከሌላ ማጽጃ ጋር አትቀላቅሉት፤ የሚወጣው ጭስ ሳንባን ይጎዳል።

ክሎሪን የማይበግራቸው ጀርሞችም ስላሉ፥ እንጨት በተገኘ ጊዜ የሕፃናትን ውሃ ማፍላት ይበልጣል። ስድስት ወር ያልሞላው ሕፃን ግን ከእናቱ ጡት በቀር ውሃም አያሻውም። ደግሞም መጸዳጃ ቤት ሳይኖርና እጅ በሳሙና ሳይታጠብ ክሎሪን ብቻውን ተቅማጥን አያስቀርም።

ክሎሪን የውሃ እንጂ የሕመምተኛ መድኃኒት አይደለም። ልጅ ተቅማጥ ሲይዘው ጡት ሳታስጥሉ፥ ኦ.አር.ኤስ. የሚባለውን ንጥረ ነገር በመመሪያው መሠረት በታከመ ውሃ በጥብጣችሁ እያጠጣችሁት ፈጥናችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ዓይኑ እስኪሰረጉድ አትጠብቁ።

ከመታመም አስቀድሞ መጠንቀቅ ይበጃል።