የዳኛ ፍራንክ ጆንሰን ሕይወትና የዳኝነት ሥራ

ዳኝነት ከባድ አደራ መሆኑን የማያውቅ የለም። ይልቁንም የሚከብደው በፍርዱ የሚቈጡት ሰዎች የዳኛው የገዛ ጐረቤቶቹ ሲሆኑ ነው። ስለዚህ ነገር በአሜሪካ፣ በአላባማ ግዛት፣ የፌዴራል ዳኛ የነበሩት የፍራንክ ጆንሰን ታሪክ ብዙ ያስተምረናል። በዚህ ጽሑፍ ያለው ዓመተ ምሕረት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ፍራንክ ጆንሰን በ1918 በሰሜን አላባማ ተወለዱ። በ1943 ከአላባማ ዩኒቨርሲቲ በሕግ ተመረቁ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነትም ዘምተው በኖርማንዲ ቈሰሉ። ከዚያም በጥብቅና፣ ቀጥሎም በዐቃቤ ሕግነት ሠሩ። በ1955 ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር በሞንትጎመሪ ከተማ የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ዳኛ አድርገው ሾሟቸው።

ይህ ፍርድ ቤት ክርክር የሚጀመርበት፣ ምስክር የሚሰማበትና ማስረጃ የሚመረመርበት ነው። ዳኛውን ፕሬዚዳንቱ ይመርጣል፤ ሴኔት የሚባለው የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ያጸድቃል። ከዚያ በኋላ ዳኛው መልካም ጠባይ እስካለው ድረስ አይሻርም፤ ደመወዙም አይቀነስበትም። ይኸውም ባለሥልጣንን ወይም የሕዝብን ቍጣ ፈርቶ ፍርድ እንዳያጣምም ነው።

ጆንሰን በተሾሙ በጥቂት ወራት ውስጥ ከባድ ክስ ቀረበላቸው። በዚያን ጊዜ በሞንትጎመሪ አውቶቡሶች ጥቁሮችና ነጮች ተቀላቅለው እንዳይቀመጡ ሕግ ይከለክል ነበር። አራት ጥቁር ሴቶች ይህን ተቃውመው ከሰሱ፤ ከነዚህ አንዷ ክላውዴት ኮልቪን መቀመጫዬን አልለቅም ብላ በተያዘች ጊዜ የ15 ዓመት ተማሪ ነበረች። ነገሩን ከመረመሩት ሦስት ዳኞች ጆንሰንና ሪቭስ የተባሉት ዳኛ ሕጉ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብለው በ1956 ፈረዱ፤ ሦስተኛው ዳኛ በሐሳብ ተለዩ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በዚያው ዓመት ፍርዱን አጸና።

በ1965 ደግሞ ጥቁሮች የመምረጥ መብታቸውን ለመጠየቅ ከሰልማ ወደ ሞንትጎመሪ በእግር ሲጓዙ ፖሊሶች ደበደቧቸው። ሰልፉን የከለከሉት የግዛቱ ገዥ ጆርጅ ዋላስ የጆንሰን የሕግ ትምህርት ቤት ባልንጀራ ነበሩ። ዳኛው ግን ለማንም አላደሉም። በመጀመሪያ ማስረጃው እስኪሰማ ድረስ ሰልፈኞቹ እንዲቆዩ አዘዙ፤ የሁለቱንም ወገን ቃል ከሰሙ በኋላ ሰልፉ እንዲፈቀድና ሰልፈኞቹ እንዲጠበቁ ወሰኑ። የተቃውሞ መብት ስፋት በደረሰው በደል መጠን መመዘን አለበት ሲሉም ምክንያታቸውን ገለጡ።

በነዚህ ፍርዶች ምክንያት ብዙ ዛቻ ደረሰባቸው። የጥቁሮችን መብት የሚቃወሙ ሰዎች ለማስፈራራት በደጃቸው የእንጨት መስቀል አቃጠሉ። በ1967 በእናታቸው ቤት ቦምብ ፈነዳ፤ እናታቸው ግን ሳይጐዱ ተረፉ። ጆንሰን ይህ ሁሉ ሲሆን ከችሎታቸው አልሸሹም። በ1979 ወደ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ተዛወሩ፤ በ1999 ዐረፉ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንደሚባለው፣ በሞንትጎመሪ ያለው የፌዴራል ፍርድ ቤት ሕንፃ ዛሬ በስማቸው ይጠራል።

እንግዲህ ሕግ የዳኛን ሹመትና ደመወዝ ሊጠብቅ ይችላል፤ ድፍረትን ግን ሊሰጠው አይችልም። ነገ በችሎት ለመቀመጥ የምንመኝ ተማሪዎች ሕጉን ከማጥናት ጋር ይህን ድፍረት ከአሁኑ መለማመድ ይገባናል።