ሽንት ሲዘጋ ሐኪሙ ውስጣችንን እንዴት ያያል?

የመስኖ ቦይ በድንጋይ ቢደፈን ምን ይሆናል? ውሃው ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ማሳውን ያጥለቀልቃል። በሰውነታችንም እንዲሁ ነው። ሁለቱ ኩላሊቶቻችን ደምን አጣርተው ሽንት ያወጣሉ። ሽንቱ በሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች ወደ ፊኛ ይወርዳል። ጠጠር ቱቦውን ሊደፍን ይችላል። በአዋሽ ሸለቆ የሚገኘው የሽንት ቢልሃርዝያም ጠባሳ እየተወ ያጠበዋል። በአረጋውያን አባቶች ደግሞ የፕሮስቴት እጢ ሲያብጥ የፊኛው በር ይጠብባል። መውጫ ያጣው ሽንት ወደ ላይ ይመለስና ኩላሊቱን እንደ አቁማዳ ይወጥረዋል።

ጎናችንን ሲወጋን «ብርድ ነው፣ ይለቀኛል» እንላለን። ሕመሙ ሲተወን የዳንን ይመስለናል። ግን ሕመሙ ጠፋ ማለት መንገዱ ተከፈተ ማለት አይደለም። ለሳምንታት የተዘጋ ኩላሊት ሥራውን ለዘለዓለም ሊያቆም ይችላል።

ታዲያ ሐኪሙ ሆድ ሳይቀድ እንዴት ያውቃል?

1. ራጅ። ጀርመናዊው ሮንትገን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1895 ያገኘው ነው። ካልሲየም ያለበት ጠጠር በፊልሙ ላይ እንደ አጥንት ነጭ ሆኖ ይታያል። ከዩሪክ አሲድ የተሠራው ግን አይታይም። ስለዚህ «ራጅ ተነሣሁ፣ ምንም የለብኝም» ብለን አንተወው።

2. አልትራሳውንድ። ገደል ፊት ስንጣራ ድምፃችን ይመለስ የለ? ይህም መሣሪያ ጆሮ የማይሰማውን ድምፅ ወደ ሆድ ይልካል፤ ከተመለሰው ድምፅ ሥዕል ይሠራል። ጨረር ስለሌለው ለነፍሰ ጡርና ለሕፃን ይመረጣል። የኩላሊቱን ማበጥና ከሸኑ በኋላ በፊኛ የቀረውን ሽንት ያሳያል። በቱቦው መካከል የተቀረቀረ ትንሽ ጠጠር ግን ሊያመልጠው ይችላል።

3. ሲቲ ስካን። በ1971 ለንደን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕመምተኛ ላይ ሠራ። ራጁ በሰውየው ዙሪያ ይዞራል፤ ኮምፒዩተሩ አካሉን እንደተቆራረጠ ዳቦ ስስ ስስ አድርጎ ያሳያል። ጠጠርን ከሞላ ጎደል ሁሉንም ያገኛል። ጨረሩ ግን ከተራው ራጅ ስለሚበልጥ ያለ ምክንያት አይታዘዝም።

ጎን የሚወጋ ሕመም ከትኩሳትና ከብርድ ብርድ ማለት ጋር ከመጣ፣ ወይም ሽንት ጨርሶ እምቢ ካለ፣ ነገ አንበል። ያን ዕለት ወደ ጤና ጣቢያ እንሂድ።

ጥያቄዎች
ሀ. ሕመም መተው ለምን የመዳን ምልክት ብቻ አይደለም?
ለ. ለነፍሰ ጡር የትኛው መሣሪያ ይመረጣል? ለምን?
ሐ. በራጅ የማይታየው ጠጠር የትኛው ነው?