በአንዲት ክፍል ቤት ሌላ ልጅ

ደብረ ታቦር ጥንት የእጅ ባለሙያዎች መናኸሪያ ነበረች። አጠገቧ ባለችው ጋፋት፣ ዐፄ ቴዎድሮስ «ሴባስቶፖል» የተባለውን ትልቅ መድፍ አሠርተዋል። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ንጉሡ ከተማዋን አቃጥለው ወደ መቅደላ ሲሄዱ ያ ሥራ አብሮ ጠፋ።

በከተሞቻችን ከሐምሌ 1967ቱ የትርፍ ቤት አዋጅ ወዲህ ብዙ ቤቶች የቀበሌ ሆኑ። ኪራያቸው ርካሽ ነው፤ ክፍሉ ግን ጠባብ፣ መጸዳጃውም የጋራ ነው።

በእንዲህ ያለ ቤት ሁለት ልጆች ይዘው የሚኖሩ ባልና ሚስትን እናስብ። ባል የቀን ሠራተኛ ነው። ታናሹ ልጅ ሰባት ወሩ ነው። ሚስት «ስለማጠባ አላረግዝም» ትላለች፤ ባልም «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ይላል።

ማጥባት እርግዝናን የሚከላከለው ሦስት ነገሮች አብረው ሲሟሉ ብቻ ነው፦
1. ሕፃኑ ስድስት ወር ካልሞላው፤
2. ቀንና ሌሊት ጡት ብቻ ከጠባ፤
3. የእናትየው የወር አበባ ካልተመለሰ።

ስለዚህ ይህች እናት ሳታውቀው ልታረግዝ ትችላለች። የዓለም ጤና ድርጅት ከወሊድ በኋላ እስከሚቀጥለው እርግዝና ቢያንስ 24 ወር መቆየትን ይመክራል። ለዚህም በየ3 ወሩ የሚሰጥ መርፌ፣ በየቀኑ የሚዋጥ እንክብል፣ በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበርና ለዓመታት የሚያገለግል መከላከያ አለ።

አራርቆ መውለድ ጠባቡን ቤት አያሰፋም። ነገር ግን እናት እስክታገግም፣ ሕፃኑም እስኪጠነክር ጊዜ ይሰጣል።

ዛሬ ማታ ልጆች ሲተኙ ተማከሩ፤ ነገ አብራችሁ ወደ ክሊኒክ ኑ።